ተባዩን በጆሮ ማየት

የፍራንዝ ካፍካን «ሜታሞርፎሲስ»፣ ግሬጎር የሚባል ሰው አንድ ጠዋት ተባይ ሆኖ የሚነቃበትን ታሪክ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሬዲዮ ድራማ ሰማሁት፣ በመድረክም አየሁት። ሬዲዮው አሸንፏል፤ ያውም በሰፊው።

ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1915 መጽሐፉ ሊታተም ሲል ተባዩ ከሩቅ እንኳ እንዳይሳል አሳታሚውን ተማጽኖ ነበር። ሬዲዮ ይህን አደራ ያለ ድካም ይጠብቃል። ግሬጎር ለእኛ ጥርት ባለ የሰው ድምፅ ያወራል፤ ማይክሮፎኑ ከበሩ ማዶ ሲሻገር ግን ያው ንግግር ሲጥ ሲጥ የሚል ጩኸት ይሆናል። ቁልፉን በመንጋጋው ሲያዞር ቀጭ የሚለው ድምፅ የራሴን ጥርስ አሳመመኝ።

የመድረኩ አዘጋጆች ተዋናዩን የላስቲክ ጀርባ አሸክመውታል። ሰው ሳቀ፤ እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። እንግሊዛዊው ተዋናይና አዘጋጅ ስቲቨን በርኮፍ እኮ እ.ኤ.አ. በ1969 በመድረክ ላይ ተባዩን በሰውነት እንቅስቃሴ ፈጥሮታል!

አባትየው የወረወረው ፖም ተንከባልሎ እግሬ ሥር ሲቆም ግን ትንፋሼን ዋጥሁ። ይህን ሬዲዮ አይሰጥም። እህቲቱ ቫዮሊን የምትጫወትበትን ትዕይንት መቁረጣቸው ግን አናደደኝ፤ ቤቱን የተጋሩት ሦስቱ ተከራዮች ግሬጎርን የሚያዩት በዚያ ምሽት አይደለም እንዴ? እዚህ መድረክ ላይ ያለ ምንም ምክንያት ተቆጥተው ወጡ።

የሬዲዮውን ቅጂ ትናንት ማታ መብራት አጥፍቼ ደገምሁት። ለመድረኩ ሁለተኛ ትኬት አልቆርጥም።