የወኪል ሰርቪስ፣ የሰፈር ጋራዥ ወይስ የመንገድ ዳር መካኒክ፦ ለየትኛው ብልሽት የትኛው?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪናው የተበላሸበት ሰው በተለምዶ ሦስት አማራጮች አሉት፤ የአስመጪው ወኪል የሚያስተዳድረው የሰርቪስ ማዕከል፣ በየሰፈሩ የሚገኘው መካከለኛ ጋራዥ፣ እንዲሁም መፍቻውን በሳጥን ይዞ መንገድ ዳር የሚሠራው መካኒክ። ብዙዎቻችን ሦስቱን የምናወዳድረው በዋጋ ነው። እኔ ግን መወዳደር ያለበት ዕቃ ከመለወጡ በፊት ብልሽቱ የሚፈለግበት መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በግምት የተለወጠ ርካሽ ዕቃ ብልሽቱን ሳያስወግድ ገንዘቡን ይበላልና። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኗል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መኪናዬ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ሲለኝ አንድ የመንገድ ዳር መካኒክ ቁልፉን አንድ ጊዜ አስዞረኝና «ባትሪው ሞቷል» አለኝ። አዲስ ባትሪ ገዝቼ አስገባሁ፤ በሳምንቱ ያው ችግር ተመለሰ። በኋላ ወደ አንድ የሰፈር ጋራዥ ስወስደው ኤሌትሪሺያኑ አንዲት ብሎን ሳይፈታ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርጎ ለካ፣ ሞተሩን አስነስቶም እንደገና ለካ። ጤነኛ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ወደ 14 ቮልት ገደማ ማሳየት ሲገባው የእኔ 12.3 ላይ ቆሞ ቀረ። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ካርቦኑ አልቆ ኖሯል። ልኬቱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚጎላው ሞተር ሲግል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚህ ከተማ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ብዙ ቴርሞስታቶች (ውኃው ሲሞቅ ተከፍተው ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፉት ቫልቮች) ደግሞ መከፈት የሚጀምሩት ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ መያዙና ውኃው ላይ የተጨመረው ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በመሆኑ፣ ጎማው የደረቀ ክዳን ብቻውን መኪናን እንጦጦ ዳገት ላይ ሊያቆም ይችላል። መንገድ ዳር የተለመደው መፍትሔ ውኃ መሙላት፣ ሲብስም ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው፤ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ግን ቶሎ ስለማይሞቅ ነዳጅ ይፈጃል፣ ዋናው ብልሽትም ተሸፍኖ ይቆያል። ጠንቃቃ ጋራዥ በራዲያተሩ አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ገጥሞ ግፊት ይሰጥና የግፊት መለኪያውን መርፌ ይመለከታል። መርፌው ከወረደ ፍሳሹን ከቱቦው፣ ከውኃ ፓምፑና ከራዲያተሩ ይፈልጋል፤ በውጭ የሚፈስ ነገር ከሌለ ጥርጣሬው ወደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ወዳለው ማሸጊያ ይዞራል። ይህንንም ለማረጋገጥ ከራዲያተሩ የሚወጣው አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታ ማስወረድ ከባድ ወጪ ስለሆነ፣ ምንም ምርመራ ሳያሳይዎ «ይውረድ» የሚል ጋራዥ ካጋጠመዎ መኪናዎን ይዘው ይውጡ።

የሞተር መብራት ሲበራ የወኪሉ ማዕከል ብልጫ አለው፤ ለመኪናው ዓይነት የተዘጋጀ የመመርመሪያ ኮምፒውተርና የአምራቹ የጥገና መመሪያ በእጁ ነው። ሆኖም ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ኮድ የችግሩን አቅጣጫ እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይነግርም። ለምሳሌ የነዳጁ ድብልቅ መሳሳቱን የሚያመለክት ኮድ መነሻው የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ሆኖ ሳለ ውድ ሴንሰር ሊያስለውጥ ይችላል። በዚህ ረገድ ኮዱን ካነበበ በኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ቱቦዎቹን በእጁ እየዳበሰ የሚፈትሽ የሰፈር ባለሙያ ከማዕከሉ አያንስም።

የመንገድ ዳር መካኒክን ፈጽሞ አልጥልም፤ ጎማ ለማስለወጥ፣ የላላ የባትሪ ገመድ ለማጥበቅ፣ ካንዴላ ለማጽዳት ፈጣንና ርካሽ ነው። ፍሬን ግን አላስነካውም። የዲስክ ሸራ ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ መለወጥ አለበት፣ የፍሬን ዘይትም እርጥበት ስለሚስብ በየጊዜው መቀየር ይኖርበታል፤ ይህ ሁሉ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ አራቱም ጎማ ወልቆ የሚታይ ሥራ ነው።

መለዋወጫን በተመለከተ ወኪሉ ኦሪጅናል ያስገባል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። የሰፈር ጋራዥ አብዛኛውን ጊዜ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ እንዲገዙ ይልክዎታል፤ እዚያ ኦሪጅናሉም፣ ተመሳስሎ የተሠራውም፣ ያገለገለውም ጎን ለጎን ስለሚሸጥ የወለቀውን ዕቃ ይዞ መሄድና ቁጥሩን ማመሳከር ይገባል።

ዋስትናው ላላለቀ መኪና ወኪሉን እመርጣለሁ፤ ዋስትናው ላለቀ የነዳጅ መኪና ደግሞ የሚለካ፣ የወለቀውን ዕቃ የሚያስረክብና ሒሳቡን በወረቀት የሚጽፍ የሰፈር ጋራዥ። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ምርጫው ይጠብባል፤ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚያስተላልፉ፣ በዚሁ ሥራ ያልሠለጠነ መካኒክ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ሊነካቸው አይገባም።