«ለሴት እጅ የተሰራች» ብሎ የሸጠልኝን ሽጉጥ አይኔ እያየ «አዲስ» ብሎ መልሶ ደረደራት

ከትናንት ጀምሮ ደሜ እንደፈላ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በዚህ ወሬ አሰልችቻለሁ፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው። የሱቁን ስም አልጽፍም። ስሙ የትም ቢሆን ሰውየው ያው ነው። ትንሽና ቀላል ሽጉጥ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ በተለይ ሴት ከሆናችሁ፣ አንብቡት።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ወንድ ሲገባ «ምን ላሳይህ?» ይላል። ሴት ስትገባ «ለማን ነው?» ይላል። «ለራሴ» ስትሉት ፈገግ ብሎ ባልደረባውን ያያል። ከዚያ በኋላ ስለ ጥይቱ አይነት፣ ስለ ስልጠና፣ ከዚህ በፊት ምን እንደተኮሳችሁ አንዲት ጥያቄ አይጠይቅም። እጁ በቀጥታ ወደ ጥግ ይሄድና ከመደርደሪያው ሁሉ ትንሿን ያወጣል።

የኔም እንዲሁ ነው የሆነው። ፈቃድ አለኝ። ስልጠናዬን ጨርሻለሁ። የምፈልገውንም አውቃለሁ፤ በየቀኑ ከልብስ ስር የሚያዝ፣ ወገብ የማይጎትት፣ ጎንበስ ስል የማይታይ። ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ሽጉጧን መዳፉ ላይ አስተኝቶ ከፍ ዝቅ አደረጋት። «ተመልከቺ እህቴ፣ ላባ እኮ ናት። በቦርሳ ብትይ፣ በኪስ ብትይ። ለሴት እጅ የተሰራች ናት።»

ይቺን «ለሴት እጅ» የምትል ነገር መጀመሪያ ያመጣት ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል። ነገሩ እኮ የተገላቢጦሽ ነው። ጥይቱ አንድ አይነት ከሆነ፣ ሽጉጡ በቀለለ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመታው ምት ይብሳል። ከባዱ ብረት ራሱ የሚውጠውን እናንተ በእጃችሁ ትውጡታላችሁ። እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው አጥታ ትንጠለጠላለች። የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ ስለሚቀራረቡ፣ እጅ ትንሽ ሲዛነፍ ጥይቱ ብዙ ይስታል። ትንሽ ሽጉጥ ብዙ ለተለማመደ ሰው ነው የምትሆነው። ለጀማሪ «ይቺ ትሻልሻለች» ብሎ መስጠት ግፍ ነው።

ቁጥር ለሚወድ ቁጥሩም አለ። ሩገር የሚባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣት ኤልሲፒ ባዶዋን 270 ግራም ገደማ ናት፤ የምትተኩሰው .380 የሚባለውን፣ ከተለመደው 9 ሚሊሜትር ያጠረ ቀለሃ ያለውን ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሲግ ፒ365 ግማሽ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ዋናውን 9 ሚሊሜትር አስር ጥይት በሚይዝ ካርታ (እጀታው ውስጥ በሚሰካ የጥይት መያዣ) ይጎርሳል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግሎክ 19 ደግሞ 600 ግራም ገደማ ነው። አሁን ልብ በሉ። በዚያው 2018 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስላይድ (ጥይት ለማጉረስ ወደ ኋላ የሚሳበውን የላይኛውን ብረት) መሳብ ለሚከብዳቸው ሰዎች ብሎ ሺልድ ኢዜድ የሚባል .380 ሽጉጥ አወጣ። ታዲያ ትንሽ አደረገው? አላደረገውም። ከግማሽ ኪሎ አሳለፈው፣ ሙሉ እጅ የሚይዝ እጀታም ሰጠው። ፋብሪካው የገባውን ነገር ሻጩ አልገባውም ማለት ይከብደኛል። ገብቶታል።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ስላይዱን ስስበው ግማሽ ድረስ መጥቶ ቆመ። እንደገና ሞከርኩ፣ ያው። «ሞላው አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይላላል» አለኝ። የትንሽ ሽጉጥ ስላይድ ቀላል ስለሆነ ፍጥነቱን የሚገታው ጠንካራ ሞላ ነው፤ ለዚህ ነው ለመሳብ የሚያስቸግረው። «አዲስ ስለሆነ» የሚለው ከዚህ ጋር ብዙ የሚያገናኘው የለም። አፈሙዟ ላይ ጥላሸት አየሁና ጠየቅኩ። «ፋብሪካ ውስጥ ተኩሰው ነው የሚልኩት» አለኝ። ይሄ ደግሞ እውነት ነው፤ ፋብሪካዎች ከመላካቸው በፊት ተኩሰው ይሞክራሉ። ውሸታም ሰው አንዳንዴ እውነት የሚናገረው ሲጠቅመው ነው። ሳጥኑ ውስጥ ስፖንጁ ለሁለት ካርታ ተቆርጧል፤ አንዱ ቦታ ባዶ ነው። «ይቺ ሞዴል ከአንድ ካርታ ጋር ነው የምትመጣው።» እሺ። በመጨረሻም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ካልተስማማሽ አምጫት፣ በሌላ እቀይርልሻለሁ» አለኝ። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

የልምምድ ቦታው ላይ የሆነውን በአጭሩ። የመጀመሪያው ጥይት ሲወጣ የቃታው መከለያ ሌባ ጣቴን ከስር መታኝ። የመጀመሪያው ካርታ ሳያልቅ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለው ቆዳ ቀላ። ከዚያ ጥይት ነከሰች። ቀለሃው መውጫው አፍ ላይ ቀጥ ብሎ ተሰክቶ ቀረ። አወጣሁት፣ አቀባበልኩ፣ ተኮስኩ፣ እንደገና ነከሰች። አሰልጣኙ ተቀብሎኝ ራሱ ሙሉ ካርታ ተኮሰባት፤ በእሱ እጅ አንዴም አልነከሰችም። አስረዳኝ። ስላይዱ ወደ ኋላ ሙሉ ለሙሉ እንዲሄድ የሽጉጡ አካል ፀንቶ መቆም አለበት። ሽጉጡ ቀላል ሲሆን የሚያፀናው የእጅ አንጓ ብቻ ነው። አንጓ ትንሽ ከላላ ሽጉጡ አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ስላይዱም ስራውን ሳይጨርስ ይመለሳል። ከዚያ ተለቅ ያለ 9 ሚሊሜትር አቀበለኝና ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ መሃሉን በሳሁት። እጅ አንድ ነው፣ ቀኑም አንድ ነው።

አሰልጣኙ ደግ ነው። የፊቷ ማነጣጠሪያ ከስላይዱ ጋር አብራ የተሰራች ጥቁር ጉብታ ስለሆነች አትታይም፤ «የጥፍር ቀለም ቀቢያት፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል» አለኝ። ቀይ ቀባኋት። ታየች፣ ግን መንከሷን አልተወችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ካርታዋን አውጥቼ፣ ስላይዷን ወደ ኋላ ስቤ ቆልፌ፣ ባዶ መሆኗን አይቼ ነው በሳጥኗ ይዣት የሄድኩት። ጠረጴዛው ላይ አፈሙዟን ወደ ግድግዳ አድርጌ አስቀመጥኳት። ሻጩ አንስቷት፣ ውስጧን ሳያይ፣ ስላይዷን ጧ አድርጎ ዘጋት። ያን ጊዜ አፈሙዟ የባልደረባውን ሆድ እያየ ነበር። ይህን የሚያደርግ ሰው ነው እንግዲህ ስለ እጄ ሊያስተምረኝ የጀመረው።

«ሽጉጧ ጤነኛ ናት። እጅሽ ነው።»

«እጄ እንደሆነማ ነገሩኝ። እንዲህ አይነት እጅ እንዳለኝ ሳትጠይቀኝ ነው የሸጥክልኝ። ካልተስማማሽ እቀይራለሁ ብለኸኝም ነበር።»

«እኔ?» አለ። ወደ ባልደረባው ዞረ። «እንዲህ ብያታለሁ?» ባልደረባው ስልኩን እያየ ሳቀ። መልሱ ይሄው ነው። ከዚያ ሻጩ ዞር ሳይል፣ በአውራ ጣቱ በትከሻው ላይ አድርጎ ከገንዘብ መቀበያው በላይ ያለውን ወረቀት አመለከተኝ። የተሸጠ አይመለስም፣ አይለወጥም። መጀመሪያ ቀን ስገባ ከዚያ ወረቀት ፊት አንድ ትልቅ የጠመንጃ ማስታወቂያ ቆሞ ነበር፤ አሁን ማስታወቂያው የለም።

«ለእህትነትሽ ብዬ» አለኝ፣ «በግማሽ ልውሰድልሽ። ያገለገለች እኮ ናት አሁን። ባይሆን ሪቮልቨር ውሰጂ፣ እሱ አይነክስም።» አውጥቶም አሳየኝ፤ አምስት ጥይት በሚሽከረከር ከበሮ የምትጎርስ፣ 400 ግራም ገደማ የምትመዝን። ቃታዋን እንድስብ ሰጠኝ። የእነዚህ ቀላል ሪቮልቨሮች ቃታ 5 ኪሎ አካባቢ ጉልበት ይጠይቃል። ከራሷ ክብደት አስር እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት እየሳባችሁ ዝም ብላ እንድትቆም ማድረግ ነው እንግዲህ። «ይሄም ለሴት እጅ ነው?» አልኩት። ሱቁ ውስጥ የነበሩ ሁለት ደንበኞች ሳቁ። በማን እንደሳቁ አላውቅም።

ፈረምኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? የማልተማመንባትን ሽጉጥ ታጥቄ አልዞርም። ወረቀቱ ላይ «ያገለገለ» ብሎ በትልቁ ጻፈ፣ ከስሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት፤ ዋጋው ለምን እንደወረደ እንዳልረሳ መሰለኝ። ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠኝ። እኔ ደረሰኙን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ስከት እሱ አንስቷት ወደ መብራቱ አስጠጋት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ። የጥፍር ቀለሙን ነው። በአውራ ጣቱ ጥፍር ይፍቀው ጀመር። ትናንሽ ቀይ ቅርፊቶች መስታወቱ ላይ ወደቁ። «ሴት!» አለ ለባልደረባው፣ እኔ እዚያው ቆሜ። ቅርፊቶቹን በእጁ ጠረገ። ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ አፈሙዟን ወለወለ፣ ስላይዷን ወለወለ። ካርታዋን ከታች ሰክቶ ሳጥኗ ውስጥ አስተኛት። ከዚያ መሳቢያ ከፍቶ ነጭ የዋጋ ካርድ አወጣ፣ የመስታወቱን ሳጥን በቁልፍ ከፍቶ ከሌሎቹ ትናንሽ ሽጉጦች ጎን አስቀመጣትና ካርዱን ከፊቷ አቆመ። ካርዱ ላይ «አዲስ» ይላል። ዋጋው እኔ የከፈልኩት ሙሉ ዋጋ ነው።

«ይቺ የኔዋ አይደለችም እንዴ?»

«አሁን የኛ ናት።»

«አዲስ ብለህ ነው የምትሸጣት? አሁን ያገለገለች አላልክም?»

ቀና እንኳን አላለም። መስታወቱን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «እህቴ፣ ሌላ የምትፈልጊው ነገር አለ?»

ያን ጊዜ ነው ጥላሸቱ ትዝ ያለኝ። ባዶው የካርታ ቦታም ትዝ አለኝ። ከኔ በፊት ማን ተናዶ መልሷት፣ ስንት ሰው በግማሽ እንዳስረከበ እንጃ። እኔም «አዲስ» ብዬ ነው የገዛኋት። አንዲት ነካሽ ሽጉጥ፣ የምትሸጠው በሙሉ ዋጋ፣ የምትመለሰው በግማሽ። እጇ ለማይችላት ሰው እየመረጠ እስከሰጣት ድረስ ሁልጊዜ ትመለስለታለች። ለዚህ ነው «ለማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው። እኔን ያበሳጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ጨርቁን ከኪሱ ሲያወጣ ትንሽ እንኳን ዞር አላለም። ልታየው የምትችል ሰው እዚያ የለችም ብሎ ነው የሰራው።

ሰራተኞቹን እንተውና እናንተ አሁን ሽጉጥ እየፈለጋችሁ ከሆነ እነሆ። ሳትተኩሱባት አትግዙ፤ በኪራይ ወይም ከምታምኑት ሰው ተውሳችሁ በፈቃዳችሁና በልምምድ ቦታ ሞክሯት፣ ቢያንስ ጥቂት ካርታ ሙሉ። ስላይዱን ሱቁ ውስጥ ደጋግማችሁ ሳቡ፤ «ይላላል» የሚለውን አትስሙ። የመለያ ቁጥሩን ከሳጥኑ ቁጥር ጋር አስተያዩ። ስፖንጁ ላይ ስንት ካርታ ቦታ እንዳለ ቁጠሩ፣ ለመረጣችሁት ሞዴል ስንት እንደሚመጣም ከፋብሪካው ጽሁፍ እዩ። ጉድለት አለበትና ይመለስ የሚል የፋብሪካ ጥሪ ወጥቶ ከሆነም ቁጥሩን ይዛችሁ ጠይቁ፤ ያቺው ኤልሲፒ በወጣችበት ዓመት ስትወድቅ ልትተኩስ ትችላለች ተብላ የመጀመሪያዎቹ ተጠርተው ተስተካክለዋል፣ ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ ይሄ ተራ ነገር አይደለም። በኪስ የምትይዙ ከሆነ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን አፎት ይኑራችሁ፣ ከሽጉጡ ሌላ ነገር በዚያ ኪስ አይግባ። እሱ የሸጠልኝ ስስ ጨርቅ ነበር፤ ቃታውን በላዩ ላይ መሳብ ይቻላል።

«እንቀይራለን» ካሉ ደረሰኙ ላይ አስጽፏቸው፣ ይፈርሙ። ከመክፈላችሁ በፊት ሽጉጧንም፣ ሳጥኑንም፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈውንም ፎቶ አንሱ። ሻጩ «ፎቶ አይቻልም» ካለ፣ እዚያው ትታችሁለት ውጡ።

እስካሁን እዚያ ሱቅ ያለች ከሆነ ደግሞ የፊቷን ማነጣጠሪያ ግርጌ ተመልከቱ። በጥፍር ሁሉንም ማውጣት አይቻልም፤ ቀይ ቀለም እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ቀርቷል። የመለያ ቁጥሯ ደረሰኜ ላይ አለ። «አዲስ» ብሎ የሸጠላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ደረሰኙን ይዤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።