ለእናቴ ነርስ ምስጋና፣ በሜሪላንድ ለምትኖሩ ወገኖችም ጥቆማ

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ረከቦቱን ራሷ አቅርባ፣ ቡናውን ራሷ ቆልታ አፈላችልን። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ከአልጋዋ የምትነሣው ሁለት ሰው ደግፏት ነበር። ስኒውን ከእጇ ስቀበል ይህን ምስጋና ሳልጽፍ መቆየቴ ከበደኝ። ምስጋናው ለአንዲት ነርስ ነው። ስሟ እንዲወጣ ስላልፈለገች እኔም እንደ እናቴ «ሲስተር» እያልሁ እጠራታለሁ። የምትሠራው እዚህ ሜሪላንድ፣ አጥንታቸው የተሰበረ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን በሚከታተል የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ነው።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት በረዶ አዳልጧት የእጇ አንጓ ተሰበረ። በምርመራ የአጥንት መሳሳት እንዳለባት ታወቀና በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ 70 ሚሊግራም አለንድሮኔት ታዘዘላት። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ አንድም ሳምንት አላጓደለችም። እኛም ክኒኑ ይጠብቃታል ብለን ልባችንን ጥለን ተቀመጥን። አንድ ቀን የልብስ ቅርጫት ብድግ ስታደርግ ጀርባዋን ያዛት። ብርድ ነው እያልን በቅባት ስናሻት ከረምን። እኔ የነቃሁት በቀሚሷ ነው። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያርፍ የነበረው የሐበሻ ቀሚስ ምንጣፉን መጥረግ ጀመረ። ቁመቷ አጥሮ ነበር። ራጅ ስትነሣ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቿ ተደፍጥጠው ተገኙ።

ቀድሞ የምትታይበት ክሊኒክ የሰጠን መልስ አጭር ነበር፤ ዕድሜ ነው፣ ያንኑ ክኒን ትቀጥል። መድኃኒት እየወሰደች ከተሰበረች መድኃኒቱ ምን ሠራ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። በመጨረሻ በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አንዲት እናት ወደ ሲስተር ጠቆሙን።

የመጀመሪያው ቀጠሮ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀ። ሲስተር ኮምፒውተሩን ገፋ አድርጋ ወንበሯን ወደ እናቴ አስጠጋች።

«እማማ፣ ይህን ክኒን እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ከጅምሩ ይንገሩኝ።»

«በየሳምንቱ እሑድ ነው። አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም» አለች እናቴ፣ ቀና ብላ።

«እሑድ ስንት ሰዓት ላይ?»

«ከቅዳሴ ስመለስ ነዋ ልጄ። ከቅዳሴ በፊት ውኃስ መቼ ይቀመሳል?»

«ከዚያስ?»

«ዳቦዬን ቆረስ አደርግና በቡና እውጠዋለሁ።»

አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ያን የእሑድ ቡና ስንት ጊዜ አብሬያት ጠጥቻለሁ!

ሲስተር አልተቆጣችም። አለንድሮኔት ጠዋት እንደተነሡ፣ ምንም ባልቀመሰ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ብቻ የሚዋጥ፣ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይበሉና ጋደም ሳይሉ የሚቆዩበት መድኃኒት መሆኑን በዝግታ አስረዳቻት። እንደ ደንቡ ቢወሰድ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ቡና ያን ጥቂቱን በ60 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል፤ ከምግብ ጋር ሲሆን ደግሞ ከናካቴው አይገባም ማለት ይቻላል። «እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ያዘዘልዎት ሰው እሑድ ጠዋት የት እንደሚውሉ ሊጠይቅዎት ይገባ ነበር» አለቻት። የእናቴ ዓይን እንባ አቀረረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ክኒኑን ወደ ማክሰኞ አዛውሮ ይሸኘን ነበር። ሲስተር ከሆርሞን ሐኪሙ ጋር ተነጋግራ አጥንት የሚያሳሳ ሌላ የተደበቀ ሕመም እንዳይኖር ደሟን አስመረመረች፤ ካልሲየም፣ ቪታሚን ዲ፣ ኩላሊት፣ ታይሮይድ፣ ፓራታይሮይድ፣ ማይሎማ የሚባለው የደም ካንሰር ሳይቀር። ቪታሚን ዲ ብቻ ዝቅ ብሎ ተገኘና አስቀድሞ እርሱ ተስተካከለ። ሲቲኤክስ የሚባለው፣ አጥንት በምን ፍጥነት እየተሸረሸረ እንዳለ የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ ከፍ ብሎ ታየ። ክኒኑ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ዝቅ ማለት ነበረበት።

ከዚያ ወደ ምርጫው ገባን። ሐኪሙ፣ ሁለት አከርካሪ ከተደፈጠጠ በኋላ መሸርሸሩን ማስቆም ብቻ አይበቃም፣ አዲስ አጥንት የሚገነባ መድኃኒት መቅደም አለበት አለ። ያነሣልን ጥናት ቬሮ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ነው። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ቀደም ሲል ሌላ የአጥንት መድኃኒት የወሰዱ ሴቶች ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ አዲስ የአከርካሪ ስብራት የደረሰባቸው አጥንት ገንቢውን ቴሪፓራታይድን ከወሰዱት 5.4 በመቶ ሲሆኑ፣ የአለንድሮኔት ዘመድ የሆነውን ሪሴድሮኔትን ከወሰዱት ግን 12 በመቶ ነበሩ።

ሌላው ገንቢ መድኃኒት ሮሞሶዙማብ በወር አንድ ጊዜ ለአንድ ዓመት የሚወጋ ስለሆነ መጀመሪያ ልባችን ወደ እርሱ አዘነበለ። ሲስተር ግን የእናቴን ፋይል ስታገላብጥ ከሰባት ወር በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም ገጥሟት እንደነበር አየች። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የደረሰበት ሰው ይህን መድኃኒት እንዳይጀምር የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስጽፎበታል። እኛ ልብና አጥንት ይገናኛሉ ብለን ስላላሰብን አልተናገርንም ነበር።

እኔ ደግሞ የአጥንትን መሸርሸር የሚያግደውና በስድስት ወር አንዴ የሚወጋው ዴኖሱማብ ይሁንላት አልሁ። ሲስተር ወደ እናቴ ዞረች። «እማማ፣ አገር ቤት ይሄዳሉ?» እናቴ በየሁለት ዓመቱ ሄዳ አራት አምስት ወር ትቀመጣለች። ዴኖሱማብ ቀኑ ካለፈበት የታገደው መሸርሸር ተመልሶ ይፈጥናል፤ ብዙ አከርካሪ በአንድ ጊዜ የተሰበረባቸው ሰዎች አሉ። ከዴኖሱማብ ወደ ቴሪፓራታይድ በኋላ ልዙር ቢባልም በመካከሉ አጥንቱ ሊሳሳ ይችላል። የመድኃኒቶቹ ቅደም ተከተል ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም።

ስለዚህ ቴሪፓራታይድ ተመረጠ፤ በየቀኑ 20 ማይክሮግራም፣ ለሁለት ዓመት። ቀደም ሲል የጨረር ሕክምና ወስዳ እንደሆነም ተጠየቀች፤ አልወሰደችም። ኢንሹራንሱ በመጀመሪያ እምቢ አለ። ሲስተር የስብራቱን ቀናትና የራጁን ውጤት አያይዛ ደብዳቤ ጻፈችና ተፈቀደ።

እናቴን ያስጨነቃት መርፌው አልነበረም። «ጾም አያስፈታብኝም ወይ?» ብላ ጠየቀች። ሲስተር «ይህን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ በእኛ በኩል ግን ማታ ከራት በኋላ ቢወጉትም ችግር የለውም» አለቻት። ሰዓቱም ይኸው ማታ ሆነ። ብዕር መሳዩን መርፌ ሆዷ ላይ እንዴት እንደምትወጋ ሦስት ጊዜ አሠራቻት። ፍሪጅ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ በ28 ቀኑ እንደሚጣል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብድግ ሲሉ ሊያዞር ስለሚችል አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንድትወጋ ነገረቻት። በማግሥቱ ጠዋት ደውላ «እማማ እንዴት አደሩ?» አለች። እናቴ ስለዚያ ስልክ እስከ ዛሬ ታወራለች።

መርፌውን ከጀመረች 14 ወር ሆኗታል። አዲስ ስብራት የለም፤ ሕመሙም ቀንሶላታል። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ ዝም ተብሎ ከተቆመ የተገነባው አጥንት ተመልሶ ስለሚሄድ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር በሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ ይተካል። የተመረጠው ኩላሊቷ ስለሚፈቅድ፣ ከቅዳሴም፣ ከቡናም፣ ከአገር ቤት ጉዞም ጋር ስለማይጋጭ ነው። ቀኑን ሲስተር በእጇ ጽፋው ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል።

የእናንተ እናት ልብ፣ ኩላሊትና አኗኗር ሌላ ስለሆነ መድኃኒቱን ከእኔ ጽሑፍ አትምረጡ። ነገር ግን መድኃኒት እየወሰደች የተሰበረች እናት ካለቻችሁ፣ ሆስፒታላችሁ የስብራት ክትትል ክፍል እንዳለው ጠይቁ፤ ስትሄዱም የመድኃኒት ከረጢቷን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ። ወደ ሲስተር መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አድራሻዋን እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች።

ሲስተር፣ ይህን ካነበብሽው፣ እናቴ «በይ ጻፊላት» ያለችኝን እንዳለ አስፍሬዋለሁ፤ «ልጄ፣ እኔን ቀና እንዳደረግሽኝ እግዚአብሔር ቀና ያድርግሽ። ወልደሽ ሳሚ፣ እጅሽ ይባረክ።»