ለአሜሪካ የቆጠራ ካርታ የትኛው የመንገድ መረጃ ይሻላል? ታይገር፣ ኦፕንስትሪትማፕ ወይስ የሚሸጠው

የመንገድ መረጃ ስትመርጡ ከዋጋውም ከአዲስነቱም በፊት አንድ ነገር እዩ፦ መንገዱና የቆጠራው ድንበር ከአንድ መሠረት የወጡ ናቸው ወይ? የትራክት (ለሕዝብ ቆጠራ የተከለለ አነስተኛ አካባቢ) እና የብሎክ (የትራክት ትንሹ ክፍል) ድንበር በአብዛኛው መንገድን፣ ወንዝን ወይም ሐዲድን ተከትሎ ይሄዳል። መንገዱን ከሌላ ምንጭ ካመጣችሁት ሁለቱ መስመሮች አይገጥሙም፤ በዳሩ ያሉ ቤቶችም በጎረቤት ትራክት ውስጥ ይቆጠራሉ።

በዚህ መለኪያ የአሜሪካ የቆጠራ ቢሮ የሚያወጣው የመንገድና የድንበር መረጃ፣ ታይገር/ላይን፣ ቀዳሚ ነው። ነፃ ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል፣ የቅጂ መብት ገደብም የለበትም። ብዙ ሰው «ሮድስ» የሚለውን ፋይል ብቻ ያወርዳል። እሱ ለእይታ ይበቃል፤ ለስሌት ግን ያሳስታል። ሁለት ስም ያለው መንገድ ሁለት ጊዜ ስለሚገባ ርዝመቱን ስትደምሩ ይበዛባችኋል። ለቁም ነገር ሥራ «ኤጅስ» እና «ፌስስ» የተባሉትን አውርዱ። በኤጅስ ውስጥ እያንዳንዱ መስመር በግራና በቀኝ ያለውን ቦታ መለያ ይዟል (ቲኤፍአይዲኤል እና ቲኤፍአይዲአር)፤ በፌስስ ውስጥ ደግሞ የዚያ ቦታ ትራክትና ብሎክ ተጽፏል። ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ሁለቱን ፋይሎች በዚህ መለያ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ አያይዟቸው። ግራና ቀኙ የተለያየ ትራክት የሆነበት መስመር ድንበር ነው። በካውንቲው (ከክፍለ ግዛት በታች ያለው የአስተዳደር ክልል) ጠርዝ ላይ ባዶ ከመጣላችሁ የጎረቤቱን ካውንቲ ፌስስ ጨምሩ።

እነዚህ ፋይሎች በካውንቲ በካውንቲ ስለሚወርዱ ካውንቲ ስትመርጡም ተጠንቀቁ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚሠራ ካርታ የዲሲ (የካውንቲ ኮድ 11001)፣ ሞንትጎመሪ (24031)፣ አርሊንግተን (51013) እና ፌርፋክስ (51059) ፋይሎች ወርደው አሌክሳንድሪያ ይረሳል። አሌክሳንድሪያ በየትኛውም ካውንቲ ሥር ያልሆነ ከተማ ስለሆነ የራሱ ኮድ 51510 አለው። በፖስታ አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ቤት ደግሞ በፌርፋክስ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

የታይገር ድክመት ግልጽ ነው፦ የአንድ አቅጣጫ መንገድን፣ የፍጥነት ገደብንና የመታጠፊያ ክልከላን አይነግርም። «ከዚህ ትራክት እስከ ክሊኒኩ በመኪና ስንት ደቂቃ ነው?» ለሚል ጥያቄ አይሆንም።

በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ነፃ ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕ፣ እዚህ ይበልጠዋል። አቅጣጫና ፍጥነት በብዙ መንገዶች ላይ ተመዝግቧል፣ የእግር መንገዱም ሀብታም ነው። በአሜሪካ መነሻው እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 የገባው የታይገር መረጃ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በጎ ፈቃደኞች ከሳተላይት ምስል ጋር እያስተያዩ አርመውታል። በዚህም ምክንያት ከዛሬው የትራክት ድንበር ጋር ይገጥማል ብላችሁ አትመኑ። ጥራቱም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ፈቃዱን አንብቡ፦ ካርታ ስታትሙ ምንጩን መጥቀስ ይበቃል፤ ከእሱ ያወጣችሁትን የውሂብ ጎታ ለሕዝብ ስታሠራጩ ግን በዚያው ፈቃድ መስጠት አለባችሁ።

እንደ ሂርና ቶምቶም ያሉ ድርጅቶች የሚሸጡት መረጃ ለመኪና ጉዞ ስሌት የተሠራ ነው። የሚገባው በየቀኑ አድራሻ ለሚያደርስ ወይም አምቡላንስ ለሚያሰማራ ድርጅት ነው። ለትራክት ካርታ ብቻ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ከገዛችሁም ካርታውን ለሌላ የማጋራት መብት በውሉ ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ታይገርንና ኦፕንስትሪትማፕን ማቀላቀል ሲያስፈልግ ሥራውን ክፈሉት፦ ቤቶችን በትራክት የምትመድቡት በታይገር ይሁን፣ የጉዞ ደቂቃውን በኦፕንስትሪትማፕ አስሉ። መስመሮቹን በአንድ ፋይል አታዋህዱ።

ከየትኛውም ጋር የሚመጡ ስህተቶች አሉ። ባለ 11 አኃዙ የትራክት መለያ በኤክሴል ሲከፈት የፊቱ ዜሮ ይጠፋል፤ መለያው በ01 በሚጀምርበት በአላባማ ወይም በ06 በሚጀምርበት በካሊፎርኒያ ሠንጠረዡ ከካርታው ጋር አልያያዝ የሚለው በዚህ ነው። ዓምዱን እንደ ጽሑፍ አስገቡት። የ2010 ትራክትን ከ2020 መንገድ ጋር አታዳብሉ። ኮነቲከት ከ2022 ወዲህ በስምንት ካውንቲዎች ፋንታ ዘጠኝ የፕላን ክልሎችን ስለሚጠቀም የቆየ ሠንጠረዥ አይገጥምም። ለድንበሩ በ1:500,000 የተቃለለውን ፋይል ከወሰዳችሁ የታይገር መንገድም ቢሆን ከድንበሩ ይወጣል። ታይገር በዲግሪ ስለሚመጣ ርዝመት ከመለካታችሁ በፊት ወደ ሜትር ቀይሩት፤ ለዋሽንግተን አካባቢ በሜትር የሚለካው የካርታ ሥርዓት ዩቲኤም ዞን 18 ሰሜን ይሆናል። የቦታ መጋጠሚያ በሚለካባቸው ሁለት ሥርዓቶች፣ በናድ83 (የታይገር) እና በደብልዩጂኤስ84 (የኦፕንስትሪትማፕ)፣ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። መስመሩ በአሥር ሜትሮች ከተንሸራተተ ምክንያቱን ሌላ ቦታ፣ በመጀመሪያም በፋይሉ ዓመት ላይ ፈልጉ።