ወንጪ ደርሶ መልስ፦ አንድ ሐይቅ፣ ሁለት ጉዞ

በአንድ ወር ውስጥ ወንጪ ሁለቴ ሄድኩ። ሁለቱም ጊዜ እሁድ ነው፣ ከመስቀል አደባባይ ተነስተን፣ ከእናቴ ጋር። የጉዞዎቹ ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ስለሆነ ለመጻፍ ተነሳሁ። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። ገንዘባችሁን ከመላካችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ወንጪ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል ነው። እሳተ ገሞራ ትቶት በሄደው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። አፋፉ ላይ ስትቆሙ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፣ ስለዚህ ብርዱ የእንጦጦን ያስንቃል፣ ጃኬት ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ከላይ ሲያዩት ውሃው፣ መሃሉ ላይ ያለችው ደሴት፣ ዙሪያውን ያለው እርሻና እንሰት ሁሉ አንድ ላይ ይታያል። በፈረንጆቹ 2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል፣ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋርም በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ታቅፋ አዲስ ሎጅ ተሠርቶባታል። ይህን ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችኋል።

እማዬን የሳባት ግን ሎጁ አይደለም፣ ደሴቷ ነች። ደሴቷ ላይ የጨርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እማዬ ደግሞ ተወልዳ ያደገችው ቂርቆስ ሰፈር ነው፣ ወር በገባ በ15 ደጁን ሳትስም ቀርታ አታውቅም። "ሐይቅ ላይ ያለውንም ሳልሳለመው አልሞትም" ትል ነበር።

የመጀመሪያው ጉዞ ማስታወቂያ "መነሻ ጠዋት 12 ሰዓት" ይላል። እኛ ለ12 ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደርሰናል። ኮስተሩ የተነሳው 1 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። ያረፈደ ሰው ይጠበቃል፣ ሌላው ይደወልለታል፣ "መንገድ ላይ ነኝ" ይላል፣ እንደገና ይጠበቃል። አየር ጤና ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ለመጫን ቆምን። ሰበታን አልፈን ቁርስ ተባለና ሠላሳ ሰው ባንዴ ያዘዘበት ምግብ እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ሙዚቃው ጥሩ ነበር፣ ልጆቹም ጨዋዎች ናቸው፣ ይህን አልክድም። ግን ወንጪ ስንደርስ 6 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፣ መመለሻው ደግሞ 9 ሰዓት። ከዚያ ላይ ምሳ ሲነሳለት ምን ይቀራል? ፎቶ ተነሳን፣ ትንሽ ቁልቁል ወረድን፣ አስተባባሪው "ጀልባው ለዛሬ አይደርስም" አለን። እማዬ ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። አንድም ቃል አልተናገረችም፣ እኔ ግን እስከ ቤታችን ድረስ ሆዴ እንደተቃጠለ ነው። ጠዋት በጥበቃ ያለቀው ጊዜ ለደሴቷ ይበቃ ነበር።

ደግሞ "ሁሉን ያካተተ" የሚለው ቃል። ፈረስና ጀልባ አላካተተም፣ ይህን የሰማነው እዚያ ከደረስን በኋላ ነው። ፈረሱንም ጀልባውንም የሚያቀርቡት በማኅበር የተደራጁ የአካባቢው ሰዎች በተራ ነው፣ ክፍያው ለእነሱ መሆኑ ተገቢ ነው፣ ደስ ብሎኝም እከፍላለሁ። ቀድሞ ይነገረን ነው የምለው።

ለሁለተኛው ጉዞ ሌላ አዘጋጅ ፈለግሁ። ስልክ ደውዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ "ሐይቁ ጋ ስንት ሰዓት እንቆያለን?" ልጁ ሳያመነታ "ስድስት ሰዓት" አለኝ። በሚኒባስ አሥራ አንድ ሰው ነው የሚወስዱት፣ ዋጋው ከመጀመሪያው 600 ብር ይበልጣል። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ተገናኝተን አሥር ደቂቃ ብቻ ጠበቁ። ቁርሱን ሻይና አምባሻ አድርገው መኪና ውስጥ አደሉን። ሦስት ሰዓት ላይ አፋፉ ላይ ነበርን፣ ጭጋጉ ገና ከውሃው ላይ እየተነሳ።

መሪያችን እዚያው ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። አንድ ጓሮ ውስጥ አስገብቶን እንሰቱ እንዴት እንደሚፋቅ፣ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ እንዴት እንደሚብላላ የቤቱን እናት ጠይቆ አሳየን። ከመሬት እየተንፈቀፈቀ የሚወጣ፣ ልክ እንደ አምቦ ውሃ ያለ ምንጭም አለ፣ ቀመስነው። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት በፈረስ ነው የወረደችው። ፈረሱን የሚስበው ልጅ ቁልቁለቱ ላይ "አዴ፣ አይፍሩ፣ እኔን ይያዙ" እያለ ትከሻውን ሰጥቶ አወረዳት፣ እሷም እስከ ታች ድረስ ስትመርቀው ነበር። ጉልበት ለሚያመው ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ከመውረዱ ይልቅ መውጣቱ ነው የሚከብደው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቶሎ ያስተነፍሳል። ፈረሱን ደርሶ መልስ ተስማሙ። በክረምት ደግሞ መውረጃው ጭቃ ስለሆነ እኛ እንደሄድነው በጥቅምት ይሻላል።

ምሳው የዚህኛው ጉዞ ደካማ ጎን ነው፣ ቀዝቅዞ ነው የመጣው፣ ለጾመኛ የቀረበውም ትንሽ ነበር። መጸዳጃ ቤት ከታች እንደ ልብ አይገኝም፣ ከላይ ጨርሳችሁ ውረዱ። ስንመለስ ከዓለም ገና እስከ አየር ጤና ያለው መጨናነቅ አሰልችቶናል፣ ያ ግን የማንም ጥፋት አይደለም።

ጀልባዋ ትንሽ ናት። እማዬ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱን ከነጠላዋ በላይ ለብሳ ተቀመጠች፣ እስክንደርስ ድረስ እጄን አልለቀቀችም። ደሴቷ ላይ ጫማዋን አወለቀች፣ ደጁን ሳመች፣ ግንቡን ተደግፋ ብዙ ቆየች። መሪያችን ራቅ ብሎ ቆሞ ጠበቃት፣ ማንም አላዋከባትም። ስትመጣ "ጥር 15 ለንግሡ እመጣለሁ ብዬ ተስያለሁ" አለችኝ። ለእነዚያው ልጆች ደውዬ ሁለት ቦታ አስይዣለሁ።