ጭንቀት የሚለኩ ሰዓቶችና ቀለበት፦ ጋርሚን፣ ፒክስል ዋች ወይስ ኦውራ?

ጭንቀትን ይለካሉ የሚባሉት መሣሪያዎች አብዛኞቹ፣ በተከታታይ የልብ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ እየተከታተሉ፣ መለዋወጡ ሲቀንስ ሰውነት ተወጥሯል፣ ሲጨምር ደግሞ አርፏል ብለው ይገምታሉ። ስለዚህም ቡና የጠጣ፣ እንቅልፍ ያጣ ወይም ጉንፋን የጀመረው ሰው አንዳች የሚያስጨንቀው ነገር ሳይኖር ከፍ ያለ ቁጥር ሊያይ ይችላል። ለገዢው ዋናው ጥያቄ የትኛው መሣሪያ ልኬቱን ከዕለት ውሎው ጋር ለማገናዘብ ይረዳዋል የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ እኔ የማስቀድመው የጋርሚንን ሰዓት ነው። ቁጥሩ ከ0 እስከ 100 ሲሆን፣ እስከ 25 ያለው ዕረፍትን፣ ከ76 ጀምሮ ያለው ደግሞ ከፍተኛ ውጥረትን ያመለክታል። ስልክ ማውጣት ሳያስፈልግ የሰዓቱ መስኮት ላይ የዕረፍቱ ጊዜ በሰማያዊ፣ የውጥረቱ በብርቱካናማ ቀለም ስለሚታይ፣ ከቀትር በኋላ ከነበረው ስብሰባ ወይም ከምሽቱ የትራፊክ መጨናነቅ ጋር ወዲያውኑ ማስተያየት ይቻላል። ሰውነት በብዛት ሲንቀሳቀስ ልኬቱ ስለሚቋረጥ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚሠራ ሰው ግን በሥዕሉ ላይ ብዙ ክፍተት ማየቱ አይቀርም። ከአንድሮይድም ከአይፎንም ጋር ይሠራል፤ የጭንቀት ልኬቱን ለማየትም ወርሃዊ ክፍያ አይጠየቅበትም።

የጉግል ፒክስል ዋች ከ2ኛው ሞዴል ጀምሮ፣ ከልብ ምት በተጨማሪ በላብ ምክንያት በቆዳ ላይ የሚፈጠረውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ለውጥ ይከታተላል። ለውጥ ሲያገኝ ያሳውቅና ስሜትዎን እንዲመዘግቡ ይጠይቃል፤ ይህ ባለቤቱን የሚያሳትፍ በመሆኑ በእጅጉ የሚመሰገን አሠራር ነው። ሆኖም ሰዓቱ ከአይፎን ጋር አይሠራም፤ ባትሪውም በየቀኑ ገደማ መሞላት ስላለበት የሌሊቱ ልኬት በቀላሉ ሊያመልጥ ይችላል።

ኦውራ ቀለበት መስኮት የለውም። የቀን ውጥረትን የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2023 በተጨመረው አገልግሎት፣ በስልክ መተግበሪያው በኩል ሲሆን፣ ሙሉ መረጃውን ለማግኘት ወርሃዊ ክፍያ ያስፈልጋል። ቁጥር በየደቂቃው ማየት ራሱ የሚያስጨንቀው ሰው፣ ወይም ሰዓት አስሮ መተኛት የማይመቸው፣ ይህን ቢመርጥ ይሻለዋል። ከመግዛቱ በፊት ግን የጣት ልክ ለመምረጥ የሚያገለግለውን የሙከራ ቀለበት አንድ ቀንና ሌሊት አድርጎ ይሞክር፤ ጣት በሙቀት ስለሚያብጥ ጠዋት የተስማማው ልክ ማታ ሊጠብ ይችላል።