ኮምፒውተሬን ፎርማት ሳያደርግ ያጸዳልኝ ልጅ፣ እጁ ይባረክ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጽሁፉ ረዘም ይላል። ግን ኮምፒውተራችሁ በራሱ ጊዜ ማስታወቂያ እየከፈተ መከራችሁን የሚያሳያችሁ ከሆነ ታግሳችሁ አንብቡት። አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ አለ። የኔን ኮምፒውተር ያንን ሁሉ ጉድ ጠርጎ፣ አንድ ፋይል ሳይነካ መለሰልኝ። ምስጋናዬን በአደባባይ ልጻፍ ብዬ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ትንሽ የጽሕፈት ቤት አለኝ። ማመልከቻና ውል እንጽፋለን፣ ሲቪ እናዘጋጃለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሳለን። ኦንላይን የሚሞላ ፎርም ሁሉ ደግሞ እኛ ጋ ይመጣል፤ ፓስፖርት በሉት፣ የሥራ ማመልከቻ በሉት፣ ወቅቱ ሲደርስ ዲቪ በሉት። ክሮም ታመመ ማለት ሥራ ቆመ ማለት ነው።

ሲጀምር ቀላል ነገር ይመስል ነበር። ክሮም ሲከፈት ጉግል ቀርቶ አይተነው የማናውቀው የሰርች ገጽ ይመጣል። የሆነ ነገር ስንፈልግ ደግሞ ላይ አንድ ረጅም አድራሻ ብልጭ ብሎ ይጠፋና ያሁ ላይ ይጥለናል። እናስተካክለዋለን፣ ዘግተን ስንከፍተው ያው ነው። ቀጥሎ ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ ከሰዓቱ በላይ፣ "ኮምፒውተርዎ ቫይረስ ገብቶበታል" የሚል የታወቀ አንቲቫይረስ ዓርማ የለጠፈ ነገር በየደቂቃው ብቅ ማለት ጀመረ። እሱንም ቻልነው። በኋላ ግን ደንበኛ ፊት የቁማርና ስሙን የማልጠራው ነውር ማስታወቂያ ስክሪኑን ሞልቶ መከፈት ጀመረ። አንድ የተከበሩ አባት የቤት ኪራይ ውል ሊያስጽፉ መጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ ያ ነገር ሲከፈት፣ ማውሱን ትቼ ስክሪኑን በሁለት እጄ ነው የሸፈንኩት። እሳቸው ጨዋ ናቸው፣ ወደ በሩ ዞረው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

በጣም ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ዲቪ ብለን ስንፈልግ ከላይ የሚደረደሩት ገጾች የአሜሪካን ባንዲራና ንስር ለጥፈው በካርድ ይህን ያህል ዶላር ክፈሉ የሚሉ ሆኑ። እውነተኛው የአሜሪካ መንግሥት ገጽ መጨረሻው ዶት ጎቭ ነው። እኛ ሥራችን ስለሆነ እናውቀዋለን፣ አልተበላንም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ብቻውን የሚሞላ ሰው ግን ፎቶውንና የፓስፖርት ቁጥሩን ለማን እያስረከበ እንደሆነ አስቡት።

ታዲያ ለምን ቶሎ አላስጠገንሽውም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ፎርማት፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫንን፣ ፈርቼ ነው። ከዚህ በፊት ለሌላ ችግር አንድ ጥገና ቤት (ስሙ ይቅር) ወስጄው ገና ሳይከፍቱት "ፎርማት ነው" አሉኝ። ተደረገ። ዶክመንቶቼን ገልብጠው አስቀምጠውልኛል፣ እሱን አልክድም። ፎንቶቹ ግን ጠፉ። እኔ ጋ ደግሞ በድሮ ጊዜ በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ብዙ የደንበኛ ውሎች አሉ። የዚያ ዘመን ጽሁፍ ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ በአማርኛ አይነበብም፣ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚታየው። ደንበኛው "ያ ውሌ አለ አይደል?" ሲለኝ አለ ብዬ ማንበብ አልችልም። ፎንቱን ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ እስክመልስ ያየሁትን አሳር እኔ ነኝ የማውቀው። እና ፎርማት ሲሉኝ ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

ልጁን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት፣ ስቴሽነሪ ያላት። ሄድኩ። ችግሩን ነገርኩትና ፊቱን ማየት ጀመርኩ፣ ያቺን ቃል መቼ ይላት ይሆን ብዬ። "እትዬ፣ ይኼ ፎርማት አያስፈልገውም። ግን ጊዜ ካለዎት ይቀመጡና አብረን እንየው" አለኝ። ወንበር ብሎ ያቀረበልኝ የፕሪንተር ካርቶን ነበር፤ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍቶ በገቡበት ቀን ደረደራቸው። ከላይ አንድ ፒዲኤፍ ወደ ወርድ መቀየሪያ አለ። በዚያው ዕለት ከሱ ጋር ሦስት ነገሮች አብረው ገብተዋል። አንዱ የአየር ጠባይ እናገራለሁ ይላል፣ አንዱ ኮምፒውተር አፈጥናለሁ ይላል፣ አንዱ ስሙ ራሱ ዝም ብሎ የተደረደረ ፊደል ነው። "እነዚህን ያመጣቸው እሱ ነው" አለኝ። ነፃ ሶፍትዌር የሚያወርዱ ብዙ ገጾች ትክክለኛውን ፕሮግራም በሌላ መጫኛ ይጠቀልሉታል። ኔክስት፣ ኔክስት እያሉ ሲያልፉ መሃል ላይ "ይህንንም ልጫን?" የሚል ሳጥን አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ከስተም ወይም አድቫንስድ የሚለውን ካልነኩ አይታይም። አንቲቫይረሱ ዝም ያለውም ለዚህ ነው፣ በሕግ ፊት ፈቅደዋል ይባላል። አሁን ገባኝ። እኔ ደግሞ ፍላሽ ይዘው የሚመጡትን ደንበኞች በሙሉ ስጠረጥር ነበር።

እነዚህ ሰዎች ምን ያገኛሉ ብዬ ጠየቅኩት። ገንዘቡ ከሰርቹ ነው አለኝ። ያ ብልጭ የሚለው አድራሻ የነሱ ነው፤ ፍለጋዬን በነሱ በኩል አሳልፈው ለታወቀ ሰርች ያስረክባሉ፣ ማስታወቂያ በተነካ ቁጥር ሳንቲም ይደርሳቸዋል። ያሁ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ለዚያ ነው እንጂ ያሁ ራሱ ቫይረስ ሆኖ አይደለም።

እነዚያን አራቱን አጠፋና "አሁን አለቀ ብለው እንዳይነሱ" አለኝ። ዴስክቶፑ ላይ ያለችውን የክሮም ምልክት በቀኝ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ ገባ። ታርጌት የምትል ጠባብ ሳጥን አለች፣ ክሮም የተቀመጠበት ቦታ የተጻፈባት። መጨረሻ ድረስ ጠቋሚውን ሲወስደው ክሮም ዶት ኢኤክስኢ ከሚለው ቀጥሎ፣ ክፍት ቦታ ተትቶ፣ የዚያ ሰርች ገጽ አድራሻ ተለጥፏል። ሆምፔጁን፣ ክሮም ሲከፈት የሚመጣውን ገጽ፣ ብናስተካክለው ባናስተካክለው ዋጋ ያልነበረው ለዚህ ነው። ምልክቷን በነካን ቁጥር ገጹን ራሳችን እየከፈትነው ነበር! ኤጅ የሚባለው የዊንዶውስ ብሮውዘር ላይም ያው፣ ከታች ባር ላይ ያለችውም ያው። አንድ በአንድ አጸዳቸው።

ቀጥሎ ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ተጭኖ ከታች ያለች ደቃቃ ጽሁፍ አሳየኝ። በእንግሊዝኛ "በድርጅትዎ ይተዳደራል" ትላለች። የትኛው ድርጅት? የኔ ድርጅት እኔ፣ ሁለት ልጆችና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነን። ልጁ ሳቀ። ባንኮችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ክሮም የሚቆጣጠሩበት መንገድ ነው አለኝ፣ እነዚህም በዚያው በር ይገባሉ። ለዚህ ነው አንዷ ኤክስቴንሽን (ክሮም ላይ የምትጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ማጥፊያ ቁልፍ እንኳ ያልነበራት። አድራሻ መጻፊያው ላይ ክሮም ብሎ፣ ሁለት ነጥብና ሁለት ስላሽ አድርጎ፣ ፖሊሲ ብሎ ሲጽፍ ያዘዙት ትእዛዝ ተዘርዝሮ ወጣ። ከዚያ ሬጂስትሪ፣ የዊንዶውስ ሴቲንጎች የሚቀመጡበት ቦታ፣ ገብቶ ትእዛዙን ሰረዘው። ከመሰረዙ በፊት ግን ኮፒውን ፍላሽ ላይ አስቀመጠ፣ ድንገት የሆነ ነገር ቢበላሽ ልመልሰው ብሎ። ይኼን ሳይ ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኩት።

ታስክ ስኬጁለር የሚባል ቦታም አለ፣ ኮምፒውተሩ በየሰዓቱ የሚሠራው ሥራ የሚመዘገብበት። እዚያ ውስጥ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ያንን ገጽ የሚጠራ ትእዛዝ ተቀምጦ ነበር። ጠፋ። ከዚያ በኋላ ነው መሣሪያ ያመጣው፤ አድው ክሊነር ይባላል፣ ማልዌርባይትስ የሚባል ኩባንያ ነው የሚያወጣው፣ ነፃ ነው፣ መጫን እንኳ አያስፈልገውም። ከማልዌርባይትስ ከራሱ ገጽ ነው ያወረደው። በዚህ ስም ተመሳስሎ የተሠራና ገንዘብ የሚጠይቅ ውሸተኛም ወጥቶ ያውቃል አለኝ፣ ስለዚህ ሰርች አድርጋችሁ የመጣውን አትንኩ። ፈትሾ የቀሩትን ለቃቅሞ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ከፈተው።

ያቺ ጥግ ላይ የምትጮህ የቫይረስ ማስጠንቀቂያስ? እሷ ጭራሽ ኮምፒውተሩ ውስጥ የለችም። አንድ ገጽ "ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው ይጫኑ" ብሎ ተጭነንለት፣ ክሮም ኖቲፊኬሽን እንዲልክ ፈቅደንለት ኖሯል። ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን ከሚለው የማናውቃቸውን ገጾች አውጥቶ ብሎክ አደረጋቸው፣ አለቀ። ስንት ጊዜ ልቤን ያራደችው እሷ ነበረች!

የመጨረሻውን ስሙት፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይመስለኛል የሚሸወደው። ክሮም ላይ በጂሜይላችሁ ከገባችሁና ሲንክ (ኮምፒውተሩንና አካውንቱን የሚያመሳስለው) ከበራ ኤክስቴንሽኖቻችሁ አካውንቱ ላይ ይቀመጣሉ። ኮምፒውተሩን ብታጸዱት፣ ፎርማትም ብታደርጉት፣ መልሳችሁ ስትገቡ ያቺው ክፉ ኤክስቴንሽን አብራ ትገባለች። ፎርማት አድርጌ ተመለሰብኝ የሚል ሰው ሰምታችሁ አታውቁም? ልጁ ሲንኩን አጥፍቶ፣ ክሮምን ሪሴት አድርጎ (ሴቲንጉን ወደ መጀመሪያው መልሶ)፣ ኤክስቴንሽኖቹን ለይቶ ካጠፋ በኋላ ነው መልሶ ያበራው። ሪሴት ሲል ደንግጬ ነበር፣ ግን ቡክማርክና የተቀመጠ ፓስዎርድ አይነካም፤ አልነካምም። ለማንኛውም የጂሜይሉንና የባንኩን ፓስዎርድ ቀይሬያለሁ፣ እሱ መክሮኝ።

አንቲቫይረስ ሊሸጥልኝ ይሞክራል ብዬ ስጠብቅ አልሞከረም። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ ይበቃዎታል አለኝና፣ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብቶ ሬፑቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን ከሚለው ስር የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግደውን አበራልኝ። ለልጆቹም ለብቻ አካውንት ከፈተላቸው፣ ከዚያ ላይ ሆነው የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ልጫን ሲሉ የኔን ፓስዎርድ ይጠይቃል። መጀመሪያ አኩርፈው ነበር፣ አሁን ለምደውታል።

አዲስ ላፕቶፕ የገዛችሁም በጣም አትዘናጉ። ይኼን ቤቴ ገብቼ ነው ያነበብኩት፤ ሌኖቮ በ2014 መጨረሻ አካባቢ (እ.ኤ.አ.) በሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የሚባል ማስታወቂያ አስገቢ ከፋብሪካው ተጭኖ ነበር። በ2015 ሲታወቅ ጩኸቱ በዝቶ ኩባንያው ራሱ ማጥፊያውን አወጣ። የኔ ግን ከፒዲኤፍ መቀየሪያ ነው የመጣው።

ያስከፈለኝ 500 ብር ነው፣ በቴሌብር ከፈልኩ። ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ሠርቶበት ነው እንግዲህ። ጭማሪ ብሰጠው እምቢ አለ፣ ቡና ብቻ ጠጣልኝ። ከወሰድኩት ወዲህ ያ ገጽ አልተመለሰም፣ ውሎቼም ከነፎንታቸው እንዳሉ ናቸው።

እንከኑንም ልንገራችሁ፣ ሙገሳ ብቻ እንዳይመስል። ዝግ ያለ ነው። ዛሬ አስረክቤ ከሰዓት ልውሰድ የሚል ሰው አይስማማውም። ቦታው ለማያውቅ ሰው ያስቸግራል፣ ምልክት የሚባል ነገር በሩ ላይ የለም። ስልክም ሥራ ላይ ከሆነ አያነሳም፣ ቴሌግራም ላይ ጻፉለት። ስልኩን አደባባይ ላይ አትለጥፊብኝ ስላለኝ የምትፈልጉ በውስጥ ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን አትርሱ፣ የጂሜይል ፓስዎርዳችሁንም አስታውሳችሁ ሂዱ፣ ሲንኩን ለማጽዳት ያስፈልጋችኋል እንጂ እሱ አይጠይቃችሁም፤ ራሳችሁ ናችሁ የምትጽፉት። ፕሪንተር ግን አትውሰዱለት። እኔ ይዤለት ሄጄ "እትዬ፣ እሱን ለሚችል ሰው ይስጡት" ብሎ መልሶኛል።